ማታ 2 ሰዓት የሚለው ፖስተር

ሰው መጥቶ «በሬ ተንኳኩቶ ብከፍት ማንም የለም» ሲለኝ፣ እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው የጎረቤቱን በር ቁጥር ነው፣ ምክንያቱም ቶሮንቶ ውስጥ ምግብ የሚያደርሱ ልጆች በር ይሳሳታሉ፣ አንኳኩተው ቁጥሩን ሲያዩ ሮጠው ይሄዳሉ፣ ነገሩም እዚያው ያልቃል። እንዲህ ዓይነት ሰው ነኝ። ያደግሁት ጴንጤ ቤት ነው፣ እናቴ መንፈስ ሲባል አንዱን ብቻ ነው የምታውቀው፣ እኔም ግጥም ብሞካክርም ያላየሁትን አልጽፍም፣ ዐይኔን አምነዋለሁ። ስለዚህ አሁን የምነግራችሁን ነገር ሌላ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ የጎረቤቱን በር ቁጥር እጠይቀው ነበር፣ ግን የነገረኝ የለም፣ እዚያው ቆሜ ነበር።

የምሠራው ዌስተን የሚባል የቶሮንቶ ሰፈር ውስጥ አንድ ፍሬም ቤት ነው። ሥዕል፣ ዲፕሎማ፣ የሠርግ ፎቶ፣ አንዴ የሞተ ውሻ የአንገት ማሰሪያ ሳይቀር ፍሬም አድርገናል። ባለቤቱ ማርኮ ይባላል፣ ቀኑን ሙሉ ከሬዲዮ ጋር የሚጨቃጨቅ ሽማግሌ ነው እንጂ ክፉ አይደለም፣ ሥራውንም ያስተማረኝ እሱ ነው። ከሥራ ውጪ ደግሞ አንድ አመል አለብኝ፣ የድሮ የአውስትራሊያ ፊልም ፖስተር እሰበስባለሁ። አትሳቁ። የምኖርበት ቤዝመንት ግድግዳው በቧንቧና በመስኮት ተቆራርጦ የተረፈው ቦታ ጠባብና ረጅም ነው፣ የአውስትራሊያ ፖስተር ደግሞ ልክ እንደዚያው ጠባብና ረጅም ነው፣ ዴይቢል ይሉታል፣ ሲኒማ ቤቶች በራቸው ላይና መስኮታቸው ላይ የሚለጥፉት ነበር። አንዱን ለግድግዳው ብዬ ገዛሁት፣ ከዚያ በኋላ ግን መመለሻ አልነበረኝም። ፊልሙ ከሌላ አገር ይመጣል፣ የዚያ አገር ሠዓሊዎች ግን አብሮት የመጣውን ሥዕል እንዳለ አያትሙትም፣ በእጃቸው እንደገና ይሥሉታል፣ ቦታው ስለሚጠብባቸው ፈረሱን በኋላ እግሩ ያቆሙታል፣ ሴትዮዋን ከፈረሱ በላይ ይሰቅሏታል፣ ቀለም ስለሚያንሳቸው ሰማዩን ቀይ አድርገው ይገላገላሉ። በችግር የተሠራ ነገር ነው፣ ለዚያ ነው የሚያምረው።

ትልቁ ጣጣ ግን ዕድሜውን ማወቅ ነው። ፖስተሩ ላይ ዓመት አይጻፍም። ፊልሙ መጀመሪያ ሲታይ አንድ ጊዜ ይታተማል፣ ከብዙ ዓመት በኋላ ተመልሶ ሲመጣ ደግሞ እንደገና ይታተማል፣ ሥዕሉም አንዳንዴ ያው ነው፣ እና ሁለቱን መለየት የሰብሳቢው ፋንታ ነው። ወረቀቱን በብርሃን ታያላችሁ፣ ቀለሙን ትቆጥራላችሁ፣ ከሁሉም በላይ ግን ታችኛውን ጠርዝ ትፈልጋላችሁ። እዚያ ጋ የአታሚው ስምና የሳንሱሩ ፈቃድ አለ፣ በድሮዎቹ ላይ ፈቃዱ በሙሉ ቃል ነው የሚጻፈው፣ ለሁሉም ሰው ይሆናል፣ ለልጆች አይሆንም፣ እንዲህ እየተባለ፣ በኋለኞቹ ላይ ግን በሳጥን ውስጥ አንዲት ፊደል ብቻ ናት። ያቺን ጠርዝ አሳዩኝ እንጂ ሌላው ቀላል ነው፣ እመኑኝ።

ሜልበርን የምትኖር ሄለን የምትባል የአክስት ልጅ አለችኝ፣ እሑድ እሑድ አሮጌ ዕቃ ከሚሸጥበት ገበያ እየገዛች ትልክልኛለች። በፖስታ አይደለም፣ እንደኛ ነው የምትልከው፣ ወደ ቶሮንቶ ለሠርግም ለለቅሶም የሚመጣ ሰው ፈልጋ ሻንጣው ውስጥ ታስገባለች። ባለፈው ክረምት መጀመሪያ ላይ እንዲህ የመጣልኝ ጥቅል ከአንዲት ሴትዮ ሻንጣ ውስጥ ከበርበሬ ጋር ተጉዞ ሲደርስ፣ ቤዝመንቱ በሙሉ ወጥ ወጥ ሸተተ፣ እኔም እያስነጠስኩ አንድ በአንድ ስዘረጋ የመጨረሻው ላይ እጄ ቆመ።

ማንም የማያስታውሰው የፈረሰኛ ፊልም ነው። ላይኛው ጫፍ ላይ ሲኒማ ቤቱ ሰዓቱን የሚጽፍበት ነጭ ቦታ አለ፣ እዚያ ላይ አንድ ሰው በሰማያዊ ቀለምና በብሩሽ በእንግሊዝኛ «ዛሬ ማታ በ2» ብሎ ጽፏል። ሌላ ሰው፣ አለቃው መሆን አለበት፣ 2ቷን በቀይ እርሳስ በንዴት ሰርዞ 8 አድርጓታል። ከጥጉ ላይ ደግሞ በዚያው ሰማያዊ ቀለም፣ ደቀቅ ብሎ፣ በአማርኛ፣ «ማታ 2 ሰዓት»።

እስቲ አስቡት። አውስትራሊያ፣ የድሮ ሲኒማ ቤት በር ላይ፣ የምሽቱን ስምንት ሰዓት ሁለት ሰዓት የሚል ሰው ከየት ይመጣል? ከኛ በቀር ማን እንዲህ ይሳሳታል?

ፎቶ አንስቼ የቶሮንቶ ሐበሾች ቴሌግራም ላይ ለጠፍኩት። መልሱን ታውቁታላችሁ፣ አንዱ «የሐበሻ ቀጠሮ ስለሆነ ፊልሙ የሚጀምረው በ3 ነው» አለ፣ ሌላዋ «ፈረሱ ራሱ አበሻ ይመስላል፣ ኩርፊያውን እዩት» አለች። በማግስቱ ግን አንድ ሽማግሌ ኮል አደረጉልኝ።

«ፌቨን የምትባዪው አንቺ ነሽ?»

«አዎ፣ ማን ልበል?»

«ታምራት እባላለሁ፣ እዚሁ ቶሮንቶ፣ ቶርንክሊፍ ነው የምኖረው። ያንን ወረቀት የጻፈው ወንድሜ ነው።»

«ጋሼ፣ ወረቀቱ እኮ ከአውስትራሊያ ነው የመጣው።»

«ከየትም ይምጣ። ማ የምትለዋ ፊደል ላይ መንጠቆ የሚያደርግ ሰው በዚህ ዓለም አንድ ነው፣ የኔታ ለዚያች መንጠቆ ስንት አለንጋ እንዳሳረፉበት አይቻለሁ።»

ፎቶውን ከፍቼ አጎላሁት። ማ እግሯ ጫፍ ላይ እንደ ዓሣ መንጠቆ ወደ ላይ ቀለስ ብላለች። ያን ያህል ጊዜ ሳየው ልብ አላልኩትም ነበር፣ ዐይኔን አምነዋለሁ ያልኳችሁ እኔ።

ቅዳሜ ቶርንክሊፍ ድረስ ሄድኩ፣ ጋሽ ታምራት የሚኖሩት ረጅም ፎቅ ላይ ነው፣ መስኮታቸው ከተማውን ያያል፣ ብቻቸውን ናቸው፣ ሶፋቸው ላይ ፕላስቲኩ አለ። ነገሩን የነገሩኝ ሳይቀመጡ ነው። ታላቅ ወንድማቸው ሰይፉ ድሬዳዋ ውስጥ የሲኒማ ቤት ቦርድ የሚጽፍ፣ ማስታወቂያ የሚለጥፍ ልጅ ነበር፣ አንድ ቀን በባቡር ጅቡቲ ወርዶ መርከብ ላይ ተቀጠረ፣ ከየወደቡ ፖስት ካርድ ይልክ ነበር፣ ከዚያ ጃንሆይ ከመውረዳቸው ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ መርከቡ ሰጠመ ተባለ። ሬሳ የለም። እናታቸው ለቅሶ ተቀመጡ፣ ተዝካር አወጡ፣ እስኪሞቱ ድረስ ጥቁር አላወለቁም። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የሰይፉ የክርስትና ስም፣ ወልደ ገብርኤል፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከሙታን ጋር ይጠራል፣ መጀመሪያ እናታቸው ያስጠሩ ነበር፣ አሁን እሳቸው እዚህ ቶሮንቶ ያስጠራሉ።

«እናንተ ጴንጤዎች ለሞተ ሰው አትጸልዩም፣ አይደል?» አሉኝ።

«አንጸልይም፣ ጋሼ።»

«ተገላገላችሁ። እኛ ግን እንጸልያለን፣ ስለዚህ ማን ሞተ ማን አልሞተ የሚለው ነገር ያሳስበናል። አሁን ንገሪኝ፣ ይህ ወረቀት የታተመው መርከቡ ከመስጠሙ በፊት ነው ወይስ በኋላ? በፊት ከሆነ፣ በወደብ ሲያልፍ ጥቂት ቀን ሠርቶ ይሆናል፣ ምንም አልተለወጠም። በኋላ ከሆነ ግን የቁም ሰው ነው ስንቀብር የኖርነው።»

የመርከቡን ዓመት ጠየቅኋቸው፣ ነገሩኝ። እኔም በልቤ ሒሳቡን ሠራሁ። አንዲቷ ፊደል መታተም የጀመረችው ከመርከቡ በኋላ ነው፣ የሳንሱሩ ፈቃድ በሙሉ ቃል ከሆነ በፊት ሊሆን ይችላል፣ ፊደሏ ካለች ግን በእርግጥ በኋላ ነው፣ ከዚህ የቀለለ ጥያቄ የለም፣ ታችኛውን ጠርዝ ማየት ብቻ ነው።

ታችኛው ጠርዝ ግን የለም። ማለቴ አለ፣ ድሮ አንድ ሰው አጭር ፍሬም ውስጥ እንዲገባለት ብሎ ወደ ኋላ አጥፎ ከካርቶን ጋር በወፍራም ሙጫ አጣብቆታል። ብስበው ይቀደዳል፣ ሙጫውን በእርጥበት እያለሰለሱ፣ በአጥንት ቢላ ፀጉር በፀጉር ማላቀቅ ያስፈልጋል።

«ስንት ቀን ይፈጃል?» አሉኝ።

«አንድ ማታ፣ ሁለት ማታ። ወረቀቱ ነው የሚወስነው።»

«እመጣለሁ።»

«ጋሼ፣ በረዶ ነው፣ እኔ ጨርሼ እደውልልዎታለሁ።»

«ልጄ፣ ይህን ያህል ዓመት ደውሉልኝ ብዬ ተቀምጫለሁ። እመጣለሁ አልኩሽ።»

መጡም። ሐሙስ ዕለት ማርኮ ቁልፉን ሰጥቶኝ ሲወጣ፣ ጋሽ ታምራት ሁለት ባስ ቀይረው፣ ለበረዶው መንገድ ላይ የሚነሰነሰው ጨው ጫማቸው ላይ ነጭ ሆኖ፣ ኮፍያቸውን ሳያወልቁ ሥራ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀመጡ። በሩን ከውስጥ ቆለፍኩ። የሱቃችንን አቀማመጥ ልንገራችሁ፣ ይጠቅማችኋል። ጠረጴዛው ከኋላ ነው፣ ከፊት ወደ ዋናው መንገድ የሚያይ ሰፊ መስታወት አለ፣ ከመስታወቱ ሥር ናሙና ፍሬሞች የተደረደሩበት ትንሽ መድረክ አለ፣ ፍሬሞቹ በጣም ስለተጠጋጉ አንዱን ለማንሳት ሦስቱን ማንቀሳቀስ ግድ ነው፣ ማርኮ ሁልጊዜ ይሰድባቸዋል። ከሱቁ ጀርባ ደግሞ የኤርፖርቱ ባቡር ያልፋል፣ ሲያልፍ መስታወቱ ይዘፍናል፣ ይህንን የምነግራችሁ ባቡር ነው ብላችሁ እንድታስቡ ነው፣ እኔም አስቤዋለሁ።

መጀመሪያ ሰማያዊውን ቀለም በእርጥብ ጥጥ ጫፍ ነካሁት፣ አልለቀቀም፣ ደህና። ከዚያ እርጥብ ጨርቅ ታችኛው ላይ አስተኝቼ ጠበቅሁ፣ ሙጫው ሲያብጥ ቢላዋን አስገባሁ። ከግራ ጥግ ጥቂት ተላቀቀ፣ መሐል ላይ ሲደርስ እንቢ አለ። እንደገና አረጠብኩ፣ እንደገና እንቢ አለ። ጋሽ ታምራት አንገታቸውን አስግገው ያያሉ።

«ግጥም ትጽፊያለሽ አሉኝ» አሉ፣ ዝም ማለት ከብዷቸው።

«እሞክራለሁ።»

«እንዲህ ነው የምትጽፊው? እንዲህ እየተንቀረፈፍሽ?»

«ከዚህ ይብሳል፣ ጋሼ።»

ሳቁ። እየሳቁ እያለ ነው ድምፁን የሰማሁት። የባልዲ እጀታ ነው፣ ሰው ባልዲ መሬት ሲያስቀምጥ እጀታው ሲወድቅ የሚለው ቅጭል። ከፊት ለፊት በኩል ነው፣ ከመስታወቱ ጋ። ቀና ብዬ አየሁ፣ እኛ ዘንድ የጠረጴዛው መብራት ብቻ ስለበራ ፊት ለፊቱ ጨለማ ነው፣ ከመንገዱ የመኪና ብርሃን እያለፈ ይሄዳል። ቀጥሎ እርጥብ ነገር ሲጠርግ፣ ሸፍ፣ ዝም፣ ሸፍ፣ ከላይ ወደ ታች፣ ረጅም። መስታወት የሚያጥብ ሰው መሰለኝ፣ ግን በዚያ ብርድ መስታወት የሚያጥብ ማን አለ? ከዚያ ብሩሽ የባልዲ አፍ ላይ ሲመታ፣ ጠቅ ጠቅ።

ጋሽ ታምራት ተነሡ። ፊታቸውን እያየሁት ነበር፣ አልፈሩም፣ ሰው የሚያውቀውን እርምጃ ደረጃ ላይ ሲሰማ እንደሚሆነው ነው የሆኑት።

«ስንት ሰዓት ነው?» አሉኝ ቀስ ብለው።

ስልኬን አየሁ። በእንግሊዝኛው ስምንት ሰዓት ነው። አፌን ከፍቼ ሁለት ሰዓት ልል ስል ተውኩት።

«ክፈቺው» አሉ።

ከፈትኩ፣ ወጣን። መንገዱ ላይ ባስ የሚጠብቁ ሁለት ሴቶች ቆመዋል፣ አንዷ በስልክ ታወራለች፣ ወደኛ እንኳ ዞር አላሉም። ባልዲ የለም፣ ብሩሽ የለም። ዱካ አልነበረም ልላችሁ አልችልም፣ ጨው የተነሰነሰበት፣ ሰው ሲረግጠው የዋለ ግራጫ ጭቃ ነው፣ የፈለጋችሁት ዱካ አለበት። መስታወታችን ላይ ግን፣ በመንገዱ መብራት፣ ጠባብና ረጅም የሆነ እርጥብ ነገር ያበራል። እጄን ዘርግቼ ባልለካውም ልኩን አውቀዋለሁ፣ ግድግዳዬ በሙሉ በዚያ ልክ ነው። ሊጥ ሊጥም ይሸታል፣ የዱቄት ሙጫ።

ጋሽ ታምራት ጓንታቸውን አውልቀው አውራ ጣታቸውን እርጥቡ ላይ ከላይ ወደ ታች አስኬዱት፣ ከዚያ ጣታቸውን ወደ ብርሃኑ አዙረው አዩት።

«ደረቅ ነው» አሉ።

«በረዶ ሆኖ ነው፣ ጋሼ። እንግባ፣ ይታመማሉ።»

ገባን። እንግዲህ ከፈለጋችሁ ይህንንም በእርጥበቱ አስሉት፣ እኔም እንደዚያ ነው ያልኩት፣ ጨርቁ ስንወጣ ላዩ ላይ ነበር፣ ሙጫው በደንብ ራሰ። ብቻ ስንመለስ እንቢ ያለው ጠርዝ ሙሉ በሙሉ ተላቅቆ ተዘርግቷል፣ አንዲት ፀጉር የምታህል ቅዳጅ የለበትም። መብራቱን አስጠጋሁ፣ ማጉያውን አደረግሁ። የአታሚው ስም፣ ከጎኑ ሳጥን፣ ሳጥኑ ውስጥ አንዲት ፊደል።

«ፊደል ናት» አልኩ።

«አንዷ?»

«አንዷ። ከመርከቡ በኋላ ነው የታተመው፣ ጋሼ። በዚህ አልሳሳትም።»

ተቀመጡ። ኮፍያቸውን ያን ጊዜ ነው ያወለቁት። «እናቴ በከንቱ ጠቆረች» አሉ፣ አላለቀሱም፣ ድምፃቸው ውስጥ የነበረው ቁርጥ ያለ ነገር ነው። «እሑድ ለአባ እነግራቸዋለሁ። ስሙ ከሙታን ይውጣ። ከዚያ ልጆች ካሉት ልጆቹን እፈልጋለሁ፣ የአክስትሽን ልጅ ስልክ ትሰጪኛለሽ።» እኔም ደስ አለኝ፣ እውነቴን ነው፣ ታክሲ ጠርቼ ስሸኛቸው ባልዲውን ረስቼዋለሁ፣ ቢያንስ የረሳሁት መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ስገባ ማርኮ በሙቅ ውሃና በስፖንጅ መስታወቱን ከውጭ እየፈተገ ከሬዲዮው የባሰ ይሳደባል። ማታ ያየነው ደርቆ ነጭ ሆኗል፣ ጠባብ፣ ረጅም፣ ጠርዙ የተስተካከለ። ይፈትጋል፣ አይለቅም። ምላጭ አምጥቶ ፋቀው፣ አይለቅም። ከዚያ ቆመ፣ መስታወቱን በጥፍሩ መታ መታ አደረገ፣ ወደ ውስጥ ገባ፣ ከፍሬሞቹ በላይ ተንጠራርቶ ጣቱን ሰደደ፣ ነጩ ዱቄት ጣቱ ላይ መጣ።

«ይህ ከውስጥ ነው» አለኝ። «ማታ ማን ነው እዚህ ወጥቶ የለጠፈው?»

ፍሬሞቹን አየሁ። አንድም አልተነቃነቀም። በላያቸው ያለው አቧራ እንኳ እንዳለ ነው፣ ዐይኔን አምነዋለሁ ብያችኋለሁ፣ ማመን ባልፈለግሁበት ሰዓትም ያው ነው። የሲኒማ ቤት ማስታወቂያ መስኮት ላይ ሲለጠፍ እኮ ከውስጥ ነው የሚለጠፈው፣ ፊቱ ወደ መንገደኛው እንዲሆን፣ ዝናብም እንዳይነካው፣ ይህንን ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። እኛ ድምፁን ከውጭ ነው ብለን በሩን ከፍተን ወጣን። እሱ ውስጥ ነበር።

ለጋሽ ታምራት ልንገር አልንገር ብዬ ቀኑን ሙሉ ታገልኩ። ዝም ብል የተገኘው ወንድማቸው ተገኝቶ ይቀራል። ግን የወረቀት ዕድሜ የምለይ ሰው ነኝ፣ ያየሁትን ግማሹን ደብቄ ግማሹን ማስረጃ ላደርግ አልችልም። ደወልኩ።

«ከውስጥ?» አሉ።

«ከውስጥ፣ ጋሼ።»

«እኛ ውጭ ቆመን።»

«አዎ።»

«ቁመቱን ለካሽው?»

«ከፖስተሩ ጋር ልክ ነው።»

«አትጠቡት» ብለው ዘጉት። ማርኮ ግን አጥቦት ነበር።

እሑድ አብሬያቸው ሄድኩ፣ እናቴ ብትሰማ ትገረምብኝ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ ቄሱ ጋ ቀርበው «አባ፣ ወልደ ገብርኤል ከሙታን ይውጣልኝ» አሏቸው። ቄሱ ወጣት ናቸው፣ ደስ አላቸው፣ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እንግዲያው ከሕያዋን ጋር እንጥራው?» አሉ። ጋሽ ታምራት ዞር ብለው እኔን አዩኝ፣ ያቺ ፊደል የኔ ናት፣ ያ መስታወትም የኔ ነው፣ አንዷ አልሞተም ትላለች፣ ሌላው ሞቷል ይላል፣ ምን ልበላቸው?

«ለጊዜው ይቆይ፣ አባ» አሉ።

እና ይኸው ቆይቷል። ከዚያ ወዲህ የዚያ ሰው ስም የትም አይጠራም፣ ከዚህም ከዚያም። ሄለን ሜልበርን ውስጥ ያልጠየቀችው ሽማግሌ የለም፣ እስካሁን የሚያውቀው አልተገኘም፣ ፍለጋውን ግን አልተውንም፣ እሳቸው በየሳምንቱ ይደውሉላታል፣ እኔ ደግሞ በዚያን ዘመን ያንን ፊልም ያሳዩ የነበሩ ሲኒማ ቤቶችን አንድ በአንድ እያጣራሁ ነው። ፖስተሩን በወፍራም ሰሌዳ ላይ አድርጌ ፍሬም ሠራሁለትና ለጋሽ ታምራት ሰጠኋቸው፣ ራሴ ሄጄ ሳሎናቸው ውስጥ ከመስኮቱ አጠገብ ሰቀልኩላቸው፣ ሥዕሉ ወደ ሶፋው፣ ጀርባው ወደ ግድግዳው፣ ሌላ እንዴት ይሰቀላል?

ዛሬ ማታ ሥራ ልዘጋ ስል ደወሉልኝ።

«ፌቨን፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሥዕሉን የሰቀልሽው ፊቱን ወደኔ ነበር፣ አይደል?»

«አዎ፣ ወደ እርስዎ ነው። ምነው?»

«እሺ» አሉ፣ «አንቺም እንደኔ ታስታውሺ እንደሆነ ብዬ ነው፣ አሁን ከሶፋው ሆኜ የማየው ጀርባውን ነው»፣ ቀጥለውም፣ «ይህ ፎቅ ከውጭ ይታያል እንዴ?»

እንዲህ ከፍ ካለ ፎቅ ማን ምን ያነባል? አልኳቸው። እሺ ብለው ዘጉት።

ነገ ከሥራ ቀደም ብዬ ወጥቼ ቶርንክሊፍ እሄዳለሁ። መብራቱን አብርተን፣ መስኮቱ ጋ ወንበር አስጠግተን እንቀመጣለን፣ በዚህ ጊዜ ወደ ውጭ የሚወጣ ሰው የለም። ሁለት ሰዓት ሲሆን እዚያው ውስጥ ነው የምንጠብቀው።